እዚህ ላይ እናቁም የሚሉት መምህር

ፊልም አብሮ ለማየት የሚመች ሰው እስካሁን አልተወለደም።

አንዱ መጨረሻውን ቀድሞ ይነግራችኋል። አንዷ ሰው በገባ ቁጥር «ይሄ ደግሞ ማነው?» ትላለች፤ ቅድም የወጣው ሰውዬ ራሱ ነው። ሌላው ግማሹን ተኝቶበት ሲነቃ እንድትተርኩለት ይጠብቃል፤ አተራረካችሁ ካልጣመው ደግሞ ፊልሙን ያማል። እነዚህን ሁሉ ችለን እንኖራለን፤ ዘመድም ጎረቤትም ናቸውና ወዴት እንጥላቸዋለን። የማይቻለው ልባችሁ በተንጠለጠለበት ሰዓት ፊልሙን ቀጥ አድርጎ አቁሞ «እናንተ ብትሆኑስ?» የሚለው ሰው ነው። በየቤቱ አንድ አይጠፋም። እኛ የመርሳ የቅዳሜ ተማሪዎች ግን ዕድላችን ሰፊ ስለሆነ የዚህ ዝርያ ቁንጮ ደመወዝ እየተከፈለው መጣልን።

ሊቀ ሪሞት መምህር ፈንታው ይባላሉ። «መምህር»ን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ «ሊቀ ሪሞት»ን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ የእኛው ማዕረግ የበለጠ ያምርባቸዋል። ወልድያ ይኖራሉ። በየቅዳሜው መርሳ ወርደው በአንድ የግል ኮሌጅ ፍልስፍናና ሥነ ምግባር ያስተምሩናል። ጠዋት የወልድያን ብርድ ፈርተው የደረቡትን ኮት በመርሳ ሙቀትም አያወልቁትም፤ የፕሮጀክተሩ ሪሞት የሚኖረው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነዋ። ላብ በግንባራቸው እየወረደ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ፣ አንድ ሰው ፊልሙ ውስጥ ችግር ላይ ሊወድቅ ነው ማለት ነው።

እኛ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስንሠራ የምንከርም ጎልማሶች ነን። ዙልፋ መርሳ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ ምላሷ ከመቀሷ ይሰላል። ዓሪፍ በወልድያና በመርሳ መካከል ዶልፊን ይነዳል። እኔ ወልድያ ውስጥ አንድ ቢሮ ተቀምጬ ማኅተም የምመታ ሰው ነኝ፤ ዲግሪ ካልያዝክ ከማኅተሙ ፈቀቅ አትልም ተብዬ ነው የተመዘገብኩት። ፍልስፍና ክፍል የገባነው ጥበብ ጠምቶን እንዳይመስላችሁ። ኮርሱ ግዴታ ነው።

«መጽሐፍ ባዛችሁ አታነቡም» አሉን በመጀመሪያው ቀን። እውነታቸውን ነው። «ስለዚህ ፊልም እናያለን።»

አጨበጨብን። ያን ቀን ያጨበጨብንበትን እጅ ባየሁት ቁጥር እስካሁን ያናድደኛል።

የመጀመሪያው ፊልም ስለ አንድ ሐኪም ነበር። ሁለት በሽተኞች አሉት፤ አንዷ የልጆች እናት፣ አንዱ ገና ያልተዳረ ወጣት። መድኃኒቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። ፊልሙ በውጭ ቋንቋ ስለሆነ መምህር ፈንታው ጎን ቆመው ያስተረጉማሉ፤ ሐኪሙ ረጅም ነገር ተናግሮ ሲያበቃ «ጨንቆታል» ይሉናል። ሐኪሙ መርፌውን አነሳ። በሁለቱ አልጋዎች መሐል ቆመ። ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ። 

ቀጭ።

«እዚህ ላይ እናቁም» አሉ ሊቀ ሪሞት። «እናንተ ብትሆኑስ?»

 ዙልፋ እጇን አወጣች።

«ሽማግሌ ይላካ።»

«ወዴት ነው የሚላከው?»

«ወደ ሁለቱም ቤተሰብ። ተነጋግረው ይወስኑ። ሐኪሙ ምን ቤት ነው በሰው ነፍስ?»

«ዙልፋ፣ ጊዜ የለም እኮ። ሊሞቱ ነው።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ቶሎ ቶሎ ይሂዱ።»

ክፍሉ በሙሉ ደገፋት። እኔም ደገፍኳት፤ የሚቃወም ሐሳብ አልነበረኝም። መምህር ፈንታው ይሄ የፍልስፍና መልስ እንዳልሆነ፣ ምርጫው የግለሰቡ እንደሆነ፣ ሰው ለብቻው ከሕሊናው ጋር መቆም እንዳለበት ሲያስረዱን ሰዓቱ አለቀ። ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ ቀረ። እስካሁንም አልወጋም።

ቀጥሎ ባቡር መጣ። ፍሬኑ የተበጠሰ ባቡር ሐዲድ ላይ በሚሠሩ ብዙ ሠራተኞች ላይ ሊወጣ ነው፤ አንዱ ሰውዬ የሐዲዱን መቀየሪያ ማርሽ ቢጎትት ግን ባቡሩ ወደ ሌላ ሐዲድ ይዞርና እዚያ ብቻውን የሚሠራውን አንድ ሰው ይገድላል። ሰውየው እጁን ማርሹ ላይ ጫነ። ቀጭ። እናንተ ብትሆኑስ?

እኛ አገር ደግሞ ሐዲዱን እንጂ ባቡሩን ገና አላየነውም፤ ስለዚህ ነገሩን ለማመን ራሱ ተቸገርን። ዓሪፍ ሹፌር ነውና በሙያው ገባ። «ቦሎ ሳይኖረው ማን ለቀቀው? ደግሞስ ክላክስ የለውም? ክላክስ ቢነፋ እኮ ሰዎቹ ዞር ይላሉ።» መምህሩ ክላክሱም ተበላሽቷል አሉ። «ፍሬንም ክላክስም የሌለውን መኪና የያዘ ሹፌር ነው እንግዲህ የሚጠየቀው» አለና ዓሪፍ ተቀመጠ። ለእሱ ጉዳዩ ተዘጋ።

ዙልፋ ግን ገና ነበረች። «ብቻውን ላለው ሰውዬ ዘመዶች አበጋር መላክ ነው» አለች። አበጋር በእኛ በኩል ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ትልቅ ሽማግሌ ነው።

«ሰውየው እኮ ገና አልሞተም» አሉ መምህሩ።

«እስኪሞት ለምን እንጠብቃለን?»

በሦስተኛው ፊልም ጀልባ ሊሰምጥ ነበር፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ካልተጣለ ሁሉም ያልቃሉ። «ትርፍ ለምን ጫነ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ ሁላችንም ዓሪፍን ዞረን አየነው። «አሁን እኔን ምን አመጣችሁ?» አለ፤ የዚያ ቀን ውይይት ዶልፊን ውስጥ በአንድ ወንበር ስንት ሰው መቀመጥ እንዳለበት ስንከራከር አለቀ። ተሳፋሪዎቹ ከነጀልባቸው ውኃው ላይ ቀሩ።

ሊቀ ሪሞት በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ። አንድ ቅዳሜ ክፍል ስንገባ ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ሽማግሌ መላክ መልስ አይደለም» ተብሎ ተጽፎ አገኘን። ፈተና ላይም መመሪያ ሆኖ ወጣ፤ በሽማግሌ የመለሰ ማርክ አያገኝም። ዙልፋ ወረቀቷን አየችና «ታዲያ እኔ ምን ልጻፍ?» አለች። የእውነት ጨንቋት ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የፊልሞቹ መጨረሻ ነው። አንዱንም አላየንም። መብራት እንኳ ሲጠፋ ልክ እሳቸው በሚያቆሙበት ቦታ ላይ ነው የሚጠፋው። ስንለምናቸው መልሳቸው የታወቀ ነው፦ «መጨረሻው የዳይሬክተሩ ነው። እኔ የምፈልገው የእናንተን ነው።» በዚህ ዓይነት እኔ የማላውቀውን ሐኪም፣ የማላውቀውን ባቡርና የማላውቀውን ጀልባ ተሸክሜ ሰኞ ማኅተሜ ጋ እመለሳለሁ። አንድ ባለጉዳይ «ማኅተሙን ልታሳርፍ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ጮኾብኛል፤ እጄ አየር ላይ ቆሞ ኖሯል።

ሰውየው ክፍል ውስጥ ብቻ ቢሆኑ ደግ ነበር። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባቸው ቤት የልጁን የሠርግ ቪዲዮ ሊያዩ ተጠሩ። ሚዜዎቹ ከሙሽሪት ወገን ጋር በር ላይ ሲገፋፉ ሪሞቱን ከልጆች እጅ ቀሙና አቆሙት። «ሙሽራው ብትሆኑስ፣ ትመለሳላችሁ ወይስ በጉልበት ትገባላችሁ?» የሙሽሪት እናት እዚያው ተቀምጠዋል። ልጄን በጉልበት ልትወስዱ ነው እንዴ ብለው ተነሥተው ሄዱ። እሳቸውን ለመመለስ ምን እንደተላከ ልንገራችሁ? ሽማግሌ።

ዋናው መድረካቸው ግን የዓሪፍ ጋቢና ነበር። በየቅዳሜው ጠዋት ከወልድያ መናኸሪያ ተነሥተን መርሳ እስክንደርስ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ለዕለቱ ያዘጋጁትን ጭንቅ ዓሪፍ ላይ ይሞክሩታል። ዓሪፍም ያከብራቸዋል፤ መሪውን ይዞ «እሺ መምህር፣ ከዚያስ?» እያለ ያዳምጣል። እኔ መጨረሻ ወንበር ላይ ተጠቅልዬ እተኛለሁ። ትምህርቱን ክፍል ውስጥ መስማቴ አይቀር፣ ምን ሁለት ጊዜ አስጨነቀኝ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ሲሪንቃን እንዳለፍን እንቅልፌ ላይ ከባድ ነገር ደረሰብኝ። ግጭት ነው። ግንባሬ ከፊት ወንበር ጋር ተላተመ። ስንወርድ አንድ ቀይ በሬ አስፋልቱ ዳር ወድቆ እግሩን ያራግጣል። ሰው አልተጎዳም። ከማሳው አንድ ገበሬ ሮጦ መጣ፤ አብዱልሐሊም ይባላል። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። በሬው ራስ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቀንዱን ያዘው። ጎረቤቶቹ ሳይሞት ደረሱለትና ታረደ። አብዱልሐሊም ግን ቢላዋው ሲመጣ ፊቱን አዞረ። የእርሻ በሬ ያለው ሰው ይገባዋል፤ ዝናቡ ገብቷል፤ ለጤፍ መሬቱ መታረስ አለበት፤ ቤት የቀረው በሬ አንድ ነው፤ አንድ በሬ ደግሞ አያርስም።

«ዘሎ ገባብኝ» አለ ዓሪፍ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«በሬዬ ቆሞ ነበር» አለ አብዱልሐሊም። «መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ አልዘለለም።»

ሁላችንም መምህር ፈንታውን አየን። ጋቢና ሦስተኛ ሆና የነበረችው ሴት ሲሪንቃ ወርዳለች፤ መንገዱን ያዩ እሳቸውና ዓሪፍ ብቻ ናቸው። ሊቀ ሪሞት ኮታቸውን ቆልፈው ቆመዋል። ምንም አላሉም። እንዲህ ያለ ጥያቄ እግራቸው ሥር ወድቆ «እናንተ ብትሆኑስ?» አለማለታቸው ገረመኝ፤ ደንግጠው ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰው ስላልተጎዳ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። በእኛ አገር ሰው ሽምግልና ብቻውን አይቀመጥም፤ ወገን ይዞ ነው። ዓሪፍ ክፍሉን ሁሉ ወገኔ ናችሁ አለ፤ ሄድን ማለት ነው። ዙልፋ ደግሞ በእሱ በኩል የሚናገርለት ሽማግሌ ያስፈልጋል፣ የተማረና ጠጉሩ የሸበተ ይሁን አለች። ከክፍሉ የሸበተው እኔ ብሆንም የተማረ የሚለው አላሳለፈኝም። ያንኑ ቀን ክፍል ውስጥ ቀጥ ብላ መምህሩ ጋ ሄደች።

«መምህር፣ ለዓሪፍ ሽማግሌ ሆነው ይቀመጡልን።»

መምህር ፈንታው ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩ። የራሳቸው ጽሑፍ ከነፊደሉ ቆሟል።

«ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ።

«ከእርስዎ ሌላ ማን አይቷል? በሬው መዝለሉን መናገር ብቻ ነው።»

«ይሄንን እኔ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ያን ዕለት ፊልም አላሳዩንም። ሪሞቱን ጠረጴዛ ላይ ጥለውት ወጡ። እኛ እንደ ሞኝ ደስ አለን።

በሳምንቱ ከክፍል በኋላ አብዱልሐሊም ሰፈር ትልቁ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ሼህ ኑርሁሴን ናቸው የሚመሩት፤ እዚህ አካባቢ በክርስቲያኑም በእስላሙም መካከል የሚዳኙ አዛውንት ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ «አሚን» ያለው አሚን፣ «አሜን» ያለው አሜን አለ። ከዚያ ከሳሽ ይናገር ተባለ።

አብዱልሐሊም ተነሣ። «እኔ ብዙ ነገር አላውቅም» አለ። «ጥማዴ ጎድሏል። ጎረቤቶቼ የየራሳቸውን እያረሱ ነው፤ አልፈርድባቸውም፤ ዝናቡ ለማንም አይቆምም። ዘንድሮ ካላረስኩ ልጆቼን ይዤ የሰው ደጅ ነው የማድረው። ይሄም ቢሆን ከአላህ ነው እላለሁ። ግን በሬዬ አልዘለለም። ያልዘለለውን ዘለለ ስትሉ እኔን ውሸታም አደረጋችሁኝ። ይሄን አልችለውም።»

«አንተስ ዓሪፍ?» አሉ ሼህ ኑርሁሴን።

«ዘሎ ገባብኝ» አለ ዓሪፍ። አስፋልቱ ዳር እንዳለው አልነበረም፤ ድምፁ ወርዷል፤ የመምህሩን ጫማ እያየ ነው።

ሼሁ ጺማቸውን አሻሹ። «ዘሎ ከሆነ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፤ ማንም አይጠየቅም። ቆሞ ከነበረ በሬ በበሬ ይተካል። አንቱ መምህር፣ አጠገቡ ነበሩ። ምን ይላሉ?»

መምህር ፈንታው ቆሙ። ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ኮቱ እንደተቆለፈ ነው። እጃቸው ኪሳቸው ገባ። ሪሞቱን ፍለጋ እንደሆነ አወቅሁ፤ ሳቄ መጥቶ ዋጥሁት።

«አንድ ሹፌር አለ እንበል» አሉ።

ዙልፋ ዓይኗን ወደ ሰማይ አደረገች።

«ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጧል እንበል። ይሄ ሰው ወሬ ይወዳል። ለሹፌሩ አንድ ታሪክ ያወራለታል እንበል፤ ታሪኩ ልብ ያንጠለጥላል። እና ሰውየው… ታሪኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ… ለሹፌሩ ጥያቄ ያቀርብለታል እንበል። ሹፌሩ ጨዋ ልጅ ነው። ሲጠየቅ ሰው ፊት እያየ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ…»

ቆሙ። 

«እዚህ ላይ እናቁም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ክፍል ውስጡ አልነበረም። እየለመኑ ነበር።

«መምህር» አሉ ሼህ ኑርሁሴን በቀስታ። «እኛ ጋ የተጀመረ ነገር መሐል ላይ አይቆምም። ይጨርሱት። ደግሞ እንበሉን ይተውልን። ሆኗል ወይስ አልሆነም?»

«ሆኗል።»

«ሰውየውስ ማነው?»

እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ባዶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አንተ ብትሆንስ አልኩት። ሊመልስልኝ ወደ እኔ ዞረ። በሬው ቆሞ ነበር። አብዱልሐሊም፣ በሬህ አልዘለለም። ያን ቀን አስፋልቱ ዳር ቆሜ ይሄን መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ዝናቡን በሰማሁ ቁጥር የአንተ መሬት ነው የሚታየኝ።»

ሁለት መንፈቅ ሙሉ ጥያቄ እንጂ መልስ ከአፋቸው አልሰማንም ነበር። የመጀመሪያው ይሄ ነው።

ዓሪፍ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ ነኝ የነዳሁት» አለ። «መምህሬን በሰው ፊት አላሳጣም ብዬ ነው ዘለለ ያልኩት።»

«እሳቸውን ደብቀህ በሬውን ከሰስከው» አሉ ሼሁ። «አፍ ስለሌለው።»

ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ በሉ አሉንና ተማከሩ። ብዙም አልቆዩም። የዓሪፍ አባት ካሏቸው በሬዎች አንዱ እርሻው እስኪያልቅ ከአብዱልሐሊም በሬ ጋር ይቀናጃል፤ አዝመራው ሲገባ ዓሪፍና መምህር ፈንታው ተጋግዘው የታረደውን በሬ ይተካሉ። ዓሪፍ የአብዱልሐሊምን ጉልበት ሊይዝ ጎንበስ ሲል አብዱልሐሊም ትከሻውን ይዞ አነሣው። «አፉ ብያለሁ» አለ። ይቅር ብያለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ መምህሩ ጋ ሄደ፤ እጃቸውን ጨብጦ «በሬዬ አለመዝለሉን ስለተናገሩልኝ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሊቀ ሪሞት መሐረባቸውን አውጥተው ላባቸውን ጠረጉ። ላብ ነው ብዬ ነው የምጽፈው።

ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ከጎናቸው ሆንኩ። ስንት ጊዜ ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲጉላላ የኖረውን ነገር የምጠይቅበት ቀን ከዛሬ የተሻለ አይገኝም ብዬ ነው።

«መምህር፣ ያ ሐኪም መጨረሻ ላይ መድኃኒቱን ለማን ሰጠው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም?»

«እኔም ከዚያ አላለፍኩም። አንዱንም እስከ መጨረሻው አይቼው አላውቅም።» ቀና ብለው አዩኝ። «መልሱን ካየሁት እናንተን የምጠይቀው ለይስሙላ ይሆናል። አብሬያችሁ እንድጨነቅ ብዬ ነው።»

 ሁለት መንፈቅ ሙሉ ሐኪሙ፣ ባቡሩና ጀልባው ለካ እሳቸውም ቤት ያድሩ ኖሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ከጻፉት «አይደለም» የምትለዋን ቃል ዙልፋ በመዳፏ አጥፍታ ጠበቀቻቸው። አይተው አልመለሱትም። ክፍሉ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ይቆማል፤ እንጠየቃለን፤ ሽማግሌ እንልካለን። የተለወጠው መንገዱ ነው። መምህር ፈንታው ጋቢና መቀመጥ ተዉ። ከኋላ መጥተው እኔ ጎን ይቀመጣሉ፤ አፋቸውን ዘግተው በመስኮት ያያሉ። ዶልፊኑ ከወልድያ እስከ መርሳ የዝምታ ቤት ሆነ። አሁን በሰላም እተኛለሁ ብዬ ነበር። አልተኛሁም። የለመድኩትን ድምፅ እየጠበቅሁ ዓይኔ ፈጥጦ ይቀራል። ተሳፋሪዎች ዓሪፍን «ሰውየው አመማቸው እንዴ?» ይሉታል። ዓሪፍ በስፖኪዮው እያያቸው ይነዳል።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሲሪንቃን አልፈን ያችው ቦታ ስንደርስ ዓሪፍ ፍጥነት ቀነሰ። ፍሬቻ አሳየ፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ዳር ያዘ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ መላ ሰውነቱን ወደ ኋላ አዞረ።

«እዚህ ላይ እናቁም» አለ። «መምህር፣ አሁን ይጠይቁኝ።»

ከመስኮቱ ባሻገር አብዱልሐሊም ያርሳል፤ አንዱ በሬ የእሱ፣ አንዱ የዓሪፍ አባት። መኪናውን አውቆት ጅራፉን ከፍ አድርጎ ሰላም አለን። መምህር ፈንታው መጀመሪያ እሱን አዩ፤ ከዚያ ቁልፉን አዩ። ገበያ የረፈደባቸው ሴቶች አሉ፤ ቀጠሮ ያለበት ሰው አለ። አንድም ሰው እንሂድ አላለም። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ።

«አንድ ሐኪም አለ እንበል» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው ሆኗል። ታሪኩን እኔ በቃሌ ነው የማውቀው። መድኃኒቱ ለአንድ ሰው ነው፤ እናትየዋ አለች፤ ወጣቱ አለ፤ ሐኪሙ መርፌውን ያነሣል። ሁሉንም እንደ አዲስ ነገሩን፤ ሁላችንም እንደ አዲስ ሰማን፤ በመጨረሻም ወደ እኛ ዘወር ብለው «እናንተ ብትሆኑስ?» አሉ።

ከመጨረሻው ወንበር አንድ እጅ ወጣ። የማን ይሆን ብዬ ቀና ስል የራሴ ነው።